ሰውነትም አማና ነው

ስለ ጤናው የሚጨነቅን ሰው ራስ ወዳድ የምንል ብዙዎች ነን። ቤተሰቧን አጥግባ እርሷ ፍርፋሪ የምትቀምስን እናት ደግሞ እናሞግሳለን። ለመሆኑ ሙገሳችን ድካሟን ያቃልልላታል?

ሰልማን አልፋሪሲ መዲና ውስጥ ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሊዘይር ሄዶ፣ ቀን በሱና ጾም ሌሊት በሶላት ተጠምዶ ቤተሰቡን እንኳ ዘንግቶ አገኘው። አብሮት እንዲበላ፣ እንዲተኛም አደረገው፤ ሌሊቱ ሲገባደድ ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ለጌታውም፣ ለነፍሱም፣ ለቤተሰቡም የሚገባቸውን ሀቅ እንዲሰጥ መከረው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ምክር አጸደቁለት። ታሪኩን ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል።

እንግዲህ እረፍት ከኢባዳ የተሰረቀ ሰዓት አይደለም፤ ለኢባዳ የሚያበቃ ስንቅ ነው። ጀማሪ ግን ብዙ አያቅድ። ከዒሻ በኋላ ወሬ ቀንሶ በጊዜ ይተኛ። ለውዱእ ሲነሳ ጥርሱን በመፋቂያ ይፋቅ። ከመስጊድ ሲመለስ ጥቂት በእግሩ ይሂድ። አንዱ ሲለመድ ሌላውን ይጨምር፤ ከሚቋረጥ ብዙ የሚዘወተር ጥቂት ይበልጣልና።

ያቺ እናትም ከማዕዱ እኩል ትቅረብ። ሀቋ ነው እንጂ የእኛ ችሮታ አይደለም።