ባሕሩን ከሒሳብሽ አታውጪ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከባለቤትሽ ጋር ከግላስጎው ወጥታችሁ፣ ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች በአንዷ ላይ ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ልትከፍቱ እንዳሰባችሁ አነበብኩ። ሐሳባችሁን አልነቅፍም። ሙያውን ታውቂዋለሽ፤ ለሥራም አትሰንፊም። እኔን የሚያሳስበኝ ቢራው አይደለም፤ ባሕሩ ነው።

ከቢራ ውስጥ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ውኃ ነው። ይህን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። ግን ደሴት ላይ ሆነሽ አስቢው። ብቅሉ በመርከብ ይመጣል። ሆፕሱ፣ ባዶው ጠርሙስ፣ ቆርኪው ሁሉ በመርከብ ይመጣል። የሞላው ጠርሙስ ደግሞ መልሶ በመርከብ ይሄዳል። ለአንዱ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ከፈልሽ ማለት ነው። በርሜል ከሆነ ሦስተኛም አለው፤ ባዶው መመለስ አለበት። እዚያ አገር የተለመደው በርሜል 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። ኤድንብራ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ተረስቶ ከከረመ፣ አንቺ የምትሞዪው በርሜል አጥተሽ ትቀመጫለሽ። የከተማ ጠማቂ መኪናውን አስነሥቶ ሄዶ ያመጣዋል። አንቺ መርከብ ትጠብቂያለሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው ሽጪ። እዚያው የሚጠጣ ቢራ ባሕሩን የሚሻገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በብቅልነቱ። ውኃው የደሴቷ ነው። ማጓጓዣ አልከፈልሽበትም። ወደ ዋናው መሬት የምትልኪው ከዚህ የተረፈውን ይሁን። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው በተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውል ሲሰጠው ደስ ይለዋል፣ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ከዚያ የመርከቡና የጭነት መኪናው ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ።

ኮሎንሴይ የተባለችውን ደሴት ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጥመቂያ ተከፈተባት። ነዋሪዋ 120 ሰው ገደማ ነው። ከኦባን ወደብ በመርከብ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በብርዱ ወራት መርከቡ በየቀኑ አይመጣም። ሕፃናቱን፣ አዛውንቱን፣ የማይጠጣውን ስትቀንሺ ስንት ሰው ቀረሽ? እንዲህ ባለ ቦታ ገበያሽ በበጋ የሚመጣው እንግዳ ነው። እንግዳው የመርከቡን ራሱ ከፍሎ መጥቶ ይጠጣልሻል፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ግን እንግዳው ይሄዳል። የሰኔና የሐምሌ ገንዘብ የታኅሣሥና የጥር እንጀራሽ ነው። እጅሽ ሲገባ ትርፍ አይምሰልሽ። ከእሱ አዲስ ታንክ አትግዢ። አስቀምጪው።

የሌላውን ደሴት ሒሳብ ደግሞ እንዳለ አትቅጂ። ስካይ ላይ ኡዊግ በሚባለው ወደብ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመ መጥመቂያ አለ። በዚያው ዓመት ስካይን ከዋናው መሬት የሚያገናኝ ድልድይ ተከፈተ። ድልድይ ያላት ደሴትና መርከብ ብቻ ያላት ደሴት አንድ አይደሉም። ኦርክኒም እ.ኤ.አ. በ1988 ኮይሉ በምትባል መንደር በአሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ መጥመቂያ ተከፍቶባት እስከ ዛሬ ስሟ ይጠራል፤ ነገር ግን ኦርክኒ ከ20 ሺሕ በላይ ሰው የሚኖርባት ናት። ወደ ሰሜን ጫፍ ወደ ኡንስት ደሴት ስትሄጂ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቫልሃላ የተባለ መጥመቂያ የተከፈተው እዚያ ነበር። ከአበርዲን ሌርዊክ ለመድረስ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት ተጨማሪ መርከብ። እያንዳንዷ ደሴት የራሷ ልክ አላት። የአንቺን ልክ እወቂ።

መርከብ ይቀራል፣ ልጄ። ነፋስ ሲበረታ ይቀራል፤ ሲበላሽም ይቀራል። በምዕራቡ በኩል ካሉት መርከቦች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ለአራን ደሴት የታዘዘው ግሌን ሳኖክስ የተባለ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2018 ይደርሳል ተብሎ ሥራ የጀመረው በ2025 መጀመሪያ ነው። የአራን ሰው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዕቃውን በሌላ መርከብ ሲጠብቅ ኖሯል። ስለዚህ ብቅል ሲያልቅ ሳይሆን ግማሽ ሲደርስ እዘዢ። የፓምፑን ጓርኒሲዮን፣ የቱቦውን ማሰሪያ፣ የሙቀት መለኪያውን፣ ሁሉንም ትርፍ አስቀምጪ። አንዲት ጓርኒሲዮን ስትበላሽ ታንክ ሙሉ ጥንስስ ይበላሻል። ገንዘብን ዕቃ ቤት ማስተኛት ያስቆጫል፤ አውቃለሁ። ደሴት ላይ ግን ግድ ነው።

ስለ ንጽሕና ብዙ አልልሽም። እናቶቻችን የጠላ ጋን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው ነበር የሚጠነስሱት፤ የአንቺም ታንክ የሚፈልገው ያንኑ ጥንቃቄ ነው። ቢደክምሽም እጠቢ። ማታ ያልታጠበ ታንክ ለነገ አይደርስም።

ስለ ጋዙ ግን ደግሜ እነግርሻለሁ። አንድ ሊትር ቢራ ሲፈላ 20 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ታንክ ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል፤ አይታይም። ብቻሽን ሆነሽ ታንክ ውስጥ እንዳትገቢ። ባለቤትሽም እንዳይገባ። መለኪያ መሣሪያ ግዙ፤ በሩንም ክፈቱ። ሐኪም በሄሊኮፕተር በሚመጣበት አገር ይህን መርሳት አይቻልም።

ግብርሽን አስቀድመሽ አስቢ። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ለትናንሽ ጠማቂዎች የቀረጥ ቅናሽ ጀመረ፤ በ2023 ሥርዓቱን ቢለውጠውም ቅናሹ አለ። ትንሽ ሆኖ ለሚቆይ ሰው ይጠቅማል። ነገር ግን ቢራው ከመጥመቂያሽ ሲወጣ ቀረጡ ዕዳሽ ይሆናል፤ መጠጥ ቤቱ ከፈለሽም አልከፈለሽም። በዱቤ ለሚወስድ ሰው አታብዢለት። መዝገብሽን በየዕለቱ ጻፊ፤ በየወሩ መጨረሻ የሚጻፍ መዝገብ ሁልጊዜ ይጎድላል።

ጎረቤቶችሽን አክብሪ። አተላውን ከብት ለሚያረባው ጎረቤት ስጪ፤ እሱም ይጠቀማል፣ አንቺም ትገላገያለሽ። ፍሳሹ ግን ሌላ ነገር ነው። ለአንድ ሊትር ቢራ አራት አምስት ሊትር ውኃ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እርሾና ስኳር ያለበት ፍሳሽ በሴፕቲክ ታንክ አልፎ ጅረት ከገባ ዓሣውን ያፍናል። በትንሽ ደሴት ጅረቱ የሁሉም ነው። አንድ ጊዜ ካጠፋሽ ዓመታት ይወራል፤ ያንን ስም ቢራሽ አያጥበውም። ቦታውን ከመግዛትሽ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ፍሳሹም ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ። በደረቅ በጋ ደሴት ላይም ውኃ ያልቃል።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብደኝን ልንገርሽ። ጠማቂ ቀምሶ ነው የሚሠራው። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ጀምበር ገና በከሰዓቱ ትጠልቃለች። እንግዳ የለም፣ መርከብ የለም፣ ቢራው ግን እጃችሁ ላይ ነው። ብዙ ጎበዝ ሰው የወደቀው እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን አይደለም፣ በልማድ ነው። ለመቅመስ ሰዓት ይኑራችሁ። ከዚያ ሰዓት ውጭ አትንኩት። አንዳችሁ ሲደክም ሌላው ይናገር፤ የተነገረውም አይቆጣ። ይህን የምልሽ ስለማላምንሽ አይደለም። ከዚህ በፊት የከበደ ነገር ተሸክመሽ አይቼሻለሁ።

ደሴቷን ያየሻት በሐምሌ ነው፤ ሰማዩ እስከ ሌሊት በርቶ፣ ወደቡ በሰው ተሞልቶ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ጥር ላይ ሂዱ። ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ሱቁ ስንት ቀን ባዶ እንደሚሆን፣ መርከቡ ስንት ቀን እንደሚቀር ቁጠሩ፤ መጠጥ ቤቱ ገብታችሁ ማታ ስንት ሰው እንደሚመጣ ተመልከቱ። ከዚያ ተመልሰሽ ጻፊልኝ፤ እስከዚያ ድረስ ፊርማሽን ያዢው።