ቅኔው ከመጽሐፉ ለምን ቀደመ?

በአብነት ትምህርት ተማሪው ንባብ ከለየ በኋላ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ቅኔ ቤት ይገባል፤ መጽሐፍ ቤት ገብቶ ትርጓሜ የሚሰማው ይህን ሁሉ አልፎ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለዓመታት ስጠራጠረው ኖሬአለሁ። ቅዱሳት መጻሕፍትን መመርመር የሚሻ ሰው ስለምን አስቀድሞ ማዜምና መቀኘት ይገባዋል? እኔ በልጅነቴ ዜማና ቅኔ ቀምሻለሁ፤ ኋላም በአንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ 4 ዓመት ተምሬአለሁ። በእነዚያ 4 ዓመታት አንዲት ስንኝ ድረስ ያለኝ መምህር አልነበረም። ያም ሆኖ ተመረቅሁ። ታዲያ ምን ጎደለኝ?

በመጀመሪያ የመጣልኝ መልስ፣ ቅኔ ቤት የግዕዝ ሰዋስው መማሪያ ስለሆነ ነው የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ግን አላረካኝም። ግስና እርባታ ማወቅ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ተማሪው ለምን በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል? የትናንቱንስ ዛሬ ቢደግም ለምን ነውር ይሆንበታል?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ጠዋት ትዝ አለኝ። ሌሊቱን ስቆጥር አድሬ ባለ 2 ቤት ጉባኤ ቃና ይዤ የኔታ ፊት ቀረብሁ። ስለ ገበሬና ስለ ዘሩ ነበር፤ ቤቱም መትቶልኛል። ሰምተው ሲያበቁ፣ “ልጄ፣ ሰሙን ሰማሁት፤ ወርቁ የት አለ?” አሉኝ። ዘሩ ማን እንደሆነ ለካ እኔም አላውቅም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የትርጓሜ መምህር “አንድም” እያሉ አንዱን ቃል ሲያመላልሱት ስሰማ የዚያ ጠዋት ጥያቄ መልሱን አገኘ። ሰምና ወርቅ ለማስማማት የተጨነቀ ሰው በአንድ ቃል ሥር ሌላ ምሥጢር ሊያድር እንደሚችል ከራሱ ድካም ያውቃል። ያልተጨነቀውም አንድምታውን በቃሉ ሊያጠና ይችላል፤ ምሥጢሩ ከቃሉ የሚወጣበትን መንገድ ግን አልሄደበትም። እኔም በኮሌጁ ያጠናሁት የሌሎችን መልስ እንጂ የመፈለጉን መንገድ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሌላ ጥርጥር ተነሣብኝ። ውበት ልብን ከእውነት ቢያዘናጋስ? ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው 10ኛ መጽሐፍ፣ ከሚዜመው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን ሲነካው እንደ በደል ይቆጥረዋል። እኔ ራሴ ጾመ ድጓ ሳዜም ትርጉሙን አላውቅም ነበር። ቅኔውም ቢሆን “እንደ እኔ ማን ተቀኘ” ያሰኛል።

ይህን ፍርሃት አልናቅሁትም። ነገር ግን የዜማውን ምልክቶች መለስ ብዬ አሰብሁ። መምህራን ይዘት ጌታ የመያዙ፣ ጭረት የግርፋቱ፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ምሳሌ ነው ይላሉ። እኔ ሳላውቀው ድምፄ ሕማማቱን ይከተል ኖሯል፤ የጎደለው የሚነግረኝ ሰው እንጂ ዜማው አልነበረም። ለትዕቢቱም መድኃኒቱ እዚያው ቅኔው ውስጥ አለ። የተደከመበት ቅኔ በማሕሌት አንድ ጊዜ ይቀርባል፤ በማግስቱ ሌላ ይጠበቃል። ባለቅኔው ሠርቶ ይሰጣል፣ ሰጥቶም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ የበለጠ ትሕትናን የሚያስተምር ክፍል አላየሁም። ትዕቢትማ በደረቅ ክርክርም ይገባል።

ስለዚህ እንዲህ ፈረድሁ፦ ኪነት የነገረ መለኮት ጌጥ ሳይሆን መማሪያው ነው። ዜማ ያለ ትርጓሜ፣ ትርጓሜም ያለ ቅኔ ሲቀር ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አባቶች በአንድ መንገድ ላይ ያሰለፏቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ነው። በየኮሌጁ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ከፈተናው ወረቀት ጋር 2 ቤት ጉባኤ ቃናም ጠይቁን። ስናቀርብላችሁም ወርቁ የት አለ በሉን።