ስለ ማእድና ስለ ሃይማኖት፤ ከቦሩ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ ቦሩ ሜዳን ያገኛል። ይህ ስፍራ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ስሙ የታወቀ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ስለ ጌታችን ልደት የተነሣው ክርክር በጉባኤ ተሰምቶ የተፈረደው በዚሁ ሜዳ ነው። ታላቁ ሊቅ መምህር አካለ ወልድም በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። ዛሬ ግን ብዕራችንን ያነሣነው የጉባኤውን ክርክር ለመተረክ አይደለም፤ በዚያ አገር በየሰርጉና በየድግሱ ስለሚታይ፥ ለዓይን ትንሽ ለኅሊና ግን ታላቅ ስለሆነ አንድ ነገር ለመናገር ነው።

በወሎ ክርስቲያንና እስላም በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ ብዙዎችም በዘርና በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለእስላም ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ በግ ወይም ፍየል ለይቶ ይሰጣል፤ እነርሱም በራሳቸው ሰው አሳርደው፥ በራሳቸው ድስት አብስለው ይመገባሉ። እስላሙም በተራው ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በአንድ ግቢ፥ በአንድ ደስታ፥ ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት ይታያል። ይህን የሚመለከት ወጣት፦ በጎቹ በአንድ መስክ ሲግጡ ውለው ሳለ ሥጋቸው ስለምን ሁለት ሆነ? ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ መልስ ሲያጣ ሁሉንም ከንቱ ልማድ ነው ብሎ ይስቃል፤ አንዳንዱም የጎረቤቱን ማእድ ርኩስ እያለ ይሳደባል። ሳቁም ስድቡም ከአለማወቅ የመጡ ናቸውና፥ ነገሩን ከመሠረቱ መመርመር ይገባናል።

ለሰው ልጅ የተሰጠችው የመጀመሪያይቱ ትእዛዝ ስለ መብል እንደ ነበረች የምናስተውል ስንቶቻችን ነን? አዳም በገነት ሳለ አትብላ የተባለው ከአንዲት ዛፍ ነበር። ትእዛዙም ፍሬዪቱ በባሕርይዋ ክፉ ስለሆነች የተሰጠ አይደለም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነውና፤ የሰው ፈቃድ ለፈጣሪው መታዘዙ ይታወቅ ዘንድ ነው እንጂ። የመብል ሥርዓት ሁሉ ሥሩ ይህ ነው። ሰው በየዕለቱ ሳይበላ አይውልምና፥ በየዕለቱ እጁን ወደ ማእድ ሲዘረጋ ጌታ እንዳለው ያስባል።

ደግሞም ኦሪት ዘፍጥረትን በማስተዋል ስናነብ ለአዳም ልጆች ሁሉ በመጀመሪያ የተሰጠው ምግብ ዘር ያለው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ እንደ ሆነ እናገኛለን። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ ያውም ደሙን እንዳይበሉ ከሚል ትእዛዝ ጋር ነው። ኖኅ የአንድ ወገን አባት አይደለም፤ የሁላችን አባት ነው። ስለዚህ ደምን አለመብላት ከሙሴ ሕግ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው፤ አይሁድም፥ እስላሞችም፥ በሐዋርያት ሲኖዶስ የታዘዝን እኛም እስከ ዛሬ እንጠብቀዋለን። ሁለቱ ቢላዋዎች ከመለያየታቸው በፊት በዚህ አንድ ነበሩ።

ወደ አይሁድ ሥርዓት ስንመለስ፥ ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ንጹሑንና ንጹሕ ያልሆነውን እንስሳ ለይታ ታስተምራለች፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል፥ ከዓሣም ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል። ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር በታገለ ጊዜ ስለ ተነካበት የጭኑን ጅማት አይበሉም። ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለው ቃል በኦሪት ሦስት ጊዜ ስለ ተጻፈ፥ መምህሮቻቸው ሥጋን ከወተት ጋር መብላትን ፈጽመው ከለከሉ፤ ዕቃውን እንኳ ለየብቻ ያደርጋሉ። አራጃቸው ሕጉን የተማረና የተፈተነ ሰው ነው፤ ቢላዋው ጥርስ እንዳይኖረው ይመረምራል፤ ሥጋውም ደሙ እንዲወጣ በጨው ይታሻል። በ70 ዓመተ እግዚእ ሮማውያን ቤተ መቅደሳቸውን ካፈረሱት በኋላ መሥዋዕት ማቅረብ ስለ ቀረ፥ የቤታቸው ገበታ እንደ መሠዊያ ሆነላቸው። በፋሲካ ሌሊት ቂጣውንና መራራውን ቅጠል ፊታቸው አኑረው ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። አገር አጥተው በተበተኑባቸው ብዙ መቶ ዓመታት ሕዝብ ሆነው የቆዩት በዚህ ማእድ አማካይነት ጭምር ነው።

ይህም ሩቅ አገር ሄደን የምንፈልገው ነገር አይደለም። በጎንደርና በሰሜን አውራጃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ ይህን ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ጥሬ ሥጋ አይበሉም፤ ሌላ ሰው ያረደውንም አይቀምሱም፤ በፋሲካቸው ሰባት ቀን ቂጣ ይበላሉ። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ የሚባለውን በዓል ያከብራሉ፤ ጾመው ኦሪትን ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፥ ጸሎቱ ሲፈጸም ወርደው በአንድነት ይመገባሉ። ጎረቤቶቻቸው ግን ስለዚህ ጥንቃቄያቸው አትንኩኝ እያሉ ሲያፌዙባቸው፥ ከዚያም የከፋ ስም ሲሰጧቸው ኖረዋል። አብዛኞቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የስግድ በዓልም በ2000 ዓ.ም. በዚያ አገር በሕግ ታውቋል። እነርሱ ሄደዋል፤ ያሾፍንባቸው ቃል ግን ከእኛ ጋር ቀርቷል። ይህን አስበን ልናዝን ይገባናል።

የእስልምናም ሥርዓት ከዚህ ጋር ብዙ ዝምድና አለው። በክት፥ ደም፥ የእሪያ ሥጋ፥ በእግዚአብሔር ስም ያልታረደም ሁሉ ለእስላም የተከለከለ ነው። አራጁ ከብቱን ወደ መካ አቅጣጫ መልሶ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ያርዳል፤ ይህም ነፍስ ያለው ፍጥረት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይገደል መመስከር ነው። በረመዳን ከጎሕ እስከ ፀሐይ ግባት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ 29 ወይም 30 ቀን ይጾማሉ። ጾሙ ሲፈታም ከበዓሉ ጸሎት በፊት ስለ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አራት እፍኝ ያህል እህል ለድሃ ይሰጣል፤ በዓሉ ደርሶ የሚራብ እንዳይኖር ነው። በአረፋ በዓል የአብርሃምን መሥዋዕት አስበው ያርዳሉ፤ ሥጋውንም ለሦስት ከፍሎ አንዱን ለቤት፥ አንዱን ለዘመድ፥ አንዱን ለድሃ መስጠት መልካም ልማዳቸው ነው። በወሎም በመውሊድ ጊዜ ከሩቅም ከቅርብም የመጣው ሕዝብ ሁሉ ይመገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንበል። የቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ አል ማኢዳ ይባላል፤ ትርጓሜውም ማእድ ማለት ነው። ሊቃውንተ ልሳን ይህን ቃል ከእኛው ከግዕዙ ማእድ ጋር ያዛምዱታል። የጌታ ደቀ መዛሙርት ማእድ ከሰማይ እንዲወርድላቸው እንደ ለመኑ የሚተርከው በዚሁ ምዕራፍ ነው፤ እነርሱም የተጠሩበት ስም ከግዕዙ ሐዋርያት ጋር ይገናኛል። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ የተፈቀደ መሆኑ ተጽፏል። በአገራችን ግን እስላሞች የክርስቲያንን እርድ አይበሉም፤ ክርስቲያኖችም የእስላምን እርድ አይበሉም። ሁለቱ ወገኖች እጅግ ተቀራርበው ስለሚኖሩ ሥጋው የሃይማኖት አጥር ሆኖ ቆመ። አንገት ላይ ማተብ እንደሚታሰር፥ በአፍም ላይ ይህ ሥርዓት ታሰረ። የክርስቲያን እርድ የበላ ክርስቲያን እንደ ሆነ፥ የእስላም እርድ የበላም እንደ ሰለመ ተቈጠረ።

የቦሩ ሜዳ ነገር ልብን የሚነካውም በዚህ ጊዜ ነው። ከጉባኤው በኋላ የወሎ እስላሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼኽ ጠልሃን የመሰሉት ግን እንቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሕዝብም አገሩን ለቆ ተሰደደ። ከቀረውም ብዙው በቀን ክርስቲያን በሌሊት እስላም ሆኖ እንደ ኖረ ተጽፏል። እንግዲህ የዚያን ዘመን ባለቤት እናስበው፤ በአደባባይ የክርስቲያን እርድ ቀርቦለት ይበላል፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ስለ በላው ያለቅሳል። ሆዱ ክርስቲያን ሆነ፤ ልቡ ግን አልተጠመቀም። ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ የቀረበውስ ክርስቲያን ምን አተረፈ? ሃይማኖት በጉሮሮ ሊገባ እንደማይችል ያ ዘመን አስተማረን። ይህን የምንጽፈው አባቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ስለ መንግሥት አንድነት ብዙ ያስጨነቃቸው ነገር ነበር፤ ነገር ግን ከታሪክ ያልተማረ ልጅ የአባቱን ድካም ይደግማል።

ቅዱስ መጽሐፍስ ምን ያስተምረናል? ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን በተማረኩ ጊዜ የንጉሡን መብል አንበላም ብለው ጥራጥሬና ውሃ መረጡ። እኛ ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ስናነብ ዳንኤልን እናመሰግናለን፤ ስለ ሕጉ ከንጉሥ ገበታ ተከልክሏልና። እንግዲያስ ጎረቤታችን ስለ ሕጉ ከገበታችን ሲከለከል ስለምን እንቈጣዋለን? በዳንኤል ያመሰገንነውን በጎረቤታችን እንነቅፈዋለንን?

የራሳችንም አባቶች በዚህ ነገር ሚዛን አኑረውልናል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ዓመተ እግዚእ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፥ እሪያን አለመብላታችን እንደ አይሁድ በኦሪት ለመጽደቅ እንዳይደለ፥ የሚበላውን እንደማንጸየፍ፥ የማይበላውንም እንደማናስገድድ፥ የቅዱስ ጳውሎስን የሮሜ መልእክት ጠቅሰው አስረድተዋል። አለመጸየፍና አለማስገደድ፤ እነዚህ ሁለት ቃላት በየቤታችን በር ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው ናቸው።

ይህን ስንል ሥርዓታችሁን ፍቱ ማለታችን አይደለም። ክርስቲያን በስመ ሥላሴ ተባርኮ የታረደውን ይበላል፤ ይህን ከአባቶቹ ተቀብሏልና ይጠብቅ። የራሱን ሥርዓት አክብሮ የሚጠብቅ ሰው የሌላውን ጥንቃቄ በይበልጥ ያስተውላል። የምንለው ሌላ ነው፤ እጃችሁ ከሥጋው ሲከለከል አፋችሁም ከስድብ ይከልከል። ከሥጋ እየጾመ የወንድሙን ስም የሚበላ ሰው ጾሙ ምንድን ነው? ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከአፉ የሚወጣው እንደ ሆነ አስተምሮናል።

አጥር ሁሉም ዘላለማዊ እንዳልሆነ ደግሞ ቡና ምስክር ነው። በቀድሞ ዘመን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ክርስቲያኑ ይርቀው ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉት ነበር። ዛሬ ግን በሰሜኑም በደቡቡም ያለ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያጠጣው ቡና ነው። አባቶች ያጸኑትን ሥርዓትና ጥላቻ የጨመረውን ነገር ለይቶ ማወቅ የመምህራን ድርሻ ነው።

በመጨረሻ ወደ ወሎው ድግስ እንመለስ። ሥጋው ሲቀርብ ማእዱ ለሁለት ይከፈላል። ነገር ግን በጾም ቀን ወደ ክርስቲያኑ ቤት የገባ እስላም እንግዳ የሽሮውንና የምስሩን ወጥ አብሮ ይበላል፤ ቢላዋ አልገባበትምና የሚለያያቸው የለም። በእኛ ሥርዓት የጾም ቀን ለምእመናን በዓመት 180 ያህል፥ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ይደርሳል። እንግዲህ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ የአንድነት ማእድ ነው። ይህ ምግብ ዳንኤል የመረጠው ጥራጥሬ ነው፤ ከጥፋት ውሃ በፊት ለአዳም ልጆች ሁሉ የተሰጠውም ይኸው የምድር ቡቃያ ነው። ጾም ከፍስክ የሚያሳንሰን የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ፤ ፍስክ የለያያቸውን ወንድማማቾች ጾም በአንድ መሶብ ዙሪያ ትሰበስባቸዋለች።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፤ በፍስክ ቀን ለጎረቤታችሁ በጉን ለይታችሁ ስጡት፤ ይህ መለየት ፍቅር ነው እንጂ ንቀት አይደለም፤ ሕሊናውን ማክበር ነውና። በጾም ቀን ደግሞ ጥሩት፥ አብራችሁም ብሉ። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ሃይማኖታቸውን አስቀድሞ አልጠየቀም፤ እግራቸውን አጠበ፥ ማእድ አቀረበ፤ እግዚአብሔርንም በቤቱ አገኘ። አይሁድም እስላሞችም እኛም አባታችን የምንለው ይህን አብርሃምን ነው። የእርሱን ስም የምንጠራ ሁሉ የእርሱን ደጅ እንድንከፍት አምላከ አብርሃም ይርዳን።