ለጊዜው ይሠራል

አንድ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ካንዴላው ተለወጠ፤ ካርቡራቶሩ ተጠረገ፤ ፒስተኑም በሌላ ተተካ እንበል። ሞተሩ ያው የፊተኛው ነው ወይስ ሌላ? ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ የጻፈው፥ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው። ሆብስም እ.ኤ.አ. በ1655 አሮጌዎቹን ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ የሚገጣጥም ሰው ጨመረበትና ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ጨዋታው ደስ ይላል። እኛን የሚያሳስበን ግን ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት ለመሻገር የሚሳፈረው ሰው ነው። እሱማ ሞተሩ ያው ሆነ ሌላ ምን ገዶት!

እንዲህ ያለው ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃውን የምትገፋው በፓምፑ ውስጥ ያለች ትንሽ የላስቲክ መዘውር ናት። ላስቲኳ አርጅታ ከተሰነጣጠቀች ሞተሩ ዳር ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ድምፁም ያምራል፤ ሐይቁ መካከል ሲደርስ ግን ግሎ ይቆማል። መካኒኩ ይህን እያወቀ «ለጊዜው ይሠራል» ቢል ዋሸ እንዴ? ሠርቷልና ቃሉ እውነት ነው። ግን «ለጊዜው» ስንት ደቂቃ ናት? ባለቤቱ ይገባዋል፤ መለዋወጫው ተወዶበት ዝም ይላል። ተሳፋሪው ዘንድ ሲደርስ «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወድቃ «ይሠራል» ብቻ ትቀራለች።

መካኒኩን መውቀስ ይቀላል፤ እጁ ዘይት ነክቷላ! እኛ ግን ዕዳው ቃሏን በጣላት ሰው ላይ ይበረታል እንላለን። ድኽነት ላስቲክ ላለመግዛት ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ላለመናገር ግን አይሆንም፤ መናገር ሳንቲም አያስወጣማ። ተሳፋሪው ሰምቶ ቢሳፈር ምርጫው የራሱ ነው። በደንገል ታንኳ የሚሻገርም አለ፤ እሱ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ በዓይኑ ያያል።