መዝሙሩን ወደ ቤት መልሱት

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕፃናት ክፍልን የምታስጠኑ ልጆቼ፣ ሰሞኑን የማየውን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ሕፃናቱ ይሰበሰባሉ፤ አስጠኚው ሞባይሉን ከስፒከር ያገናኛል፤ ሌላ ሰው የዘመረው መዝሙር ይለቀቃል። ልጆቹ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ያሸበሽባሉ፣ ሌላው አስጠኚ ይቀርጻል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ይህን ነው «መዝሙር ጥናት» የምትሉኝ?

ያውም በጽጌ! ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን፤ ስደቱ 3 ዓመት ከ6 ወር የፈጀ ነው። ስለ ቤተሰብ ለልጅ ማስተማር የፈለገ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? እናት አለች፣ ሕፃን አለ፣ በእርጅናው የሚጠብቃቸው ሽማግሌ አለ፣ አብራ የምትንከራተት ዘመድ አለች። አንዱን ጎበዝ ዘማሪ ሕፃን «ሰሎሜ ማን ናት?» ብለው ዞሮ ስፒከሩን አየልኝ።

መጀመሪያ ታሪኩን አጫውቷቸው። ከዚያ ይሁኑት፦ አንዱ መቋሚያ ይዞ ዮሴፍ ይሁን፣ አንዷ አሻንጉሊት በነጠላ ትዘል፣ ሌላዋ ስንቅ ትያዝ። ከደጀ ሰላሙ እስከ ዛፉ ጥላ እየተጓዙ አንዱ ያውጣ፣ ሌላው ይቀበል። በዚያ ቀን አንዲት ስንኝ ትበቃለች። እያንዳንዱ ልጅ እሷን ለእናቱ ወይም ለአያቱ ይዘምርላቸው፤ እነሱም ከሚያውቁት የጽጌ መዝሙር አንድ ሰጥተውት ለእሑድ ይዞ ይምጣ። በየቤቱ ስንት የተረሳ መዝሙር እንዳለ ያኔ ታያላችሁ።

እናትና አባቱ አጠገቡ የሌሉት ልጅ እንዳይሸማቀቅ ግን ተጠንቀቁ። ቅዱስ ያሬድን በትሉ ታሪክ እናስተምራለን፤ አባቱ ሲሞት ተቀብሎ ያስተማረውን አጎቱን አባ ጌዴዎንን በዱላው ብቻ አስታውሰን እናልፈዋለን። እዚህ ይፋት ውስጥ ደግሞ አጣዬ በሚያዝያ 2013 ስትቃጠል የሸሹ አሉ፤ በኅዳር 2014 በጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ለቀን ስንሰደድ በሰው ጀርባ ጣርማ በርን የወጡ አሉ። እነዚህ ሕፃናት ስደትን ኖረውት እንጂ ከመዝሙር ሰምተውት አይደለም የመጡት። ማን እንዳዘላቸው ጠይቀው ይምጡ፤ አክስትም ትሁን ጎረቤት ስሟን በጸሎት ያንሱላት።

እኔ የጽጌን መዝሙር የለመድኩት ማማ ላይ ነው። ማሽላው ሲያሸት ግሪሳው ይወርዳል፤ የቆላ ልጅ ደግሞ ወንጭፍ ይዞ ሲጮኽ ይውላል። እናቴ ከታች ሆና ታወጣለች፣ እኔ ከላይ እቀበላለሁ፤ ከወዲያኛው ማማ ያለውም ልጅ ይቀበለን ነበር። ወፉን ያባረረው መዝሙሩ ይሁን ጩኸቴ እንጃ። ስሳሳት እናቴ ዝም ትላለች፣ እስካስተካክል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ደግማ ታወጣልኛለች። ፀሐዩ ሲበረታባት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ እዚያው ቁጭ ትላለች እንጂ አትሄድም ነበር።

ስፒከሩ የተሳሳተ ልጅ ይጠብቃል? አይጠብቅም፤ ያልፈዋል። ልጁም ስህተቱን በሌላ ሰው ድምፅ ሸፍኖ ያድጋል፣ እናንተም በቪዲዮው ደስ ይላችኋል። የአርጎባ ጎረቤቶቻችን ልጆች መንዙማን የሚለምዱት ከትልልቆቹ ጎን ቁጭ ብለው እየተቀበሉ ነው፤ ከጎረቤት መማር ነውር የለውም።

 በጽጌ ማኅሌት ሌሊት ልጆቹን ንጋት ላይ እንኳ ወላጆቻቸው ይዘዋቸው ይምጡ። ግንቦት 1 ደግሞ ንፍሮው ደጅ ሲበላ የእመቤታችንን ወላጆች የሐናንና የኢያቄምን ታሪክ ሳይሰሙ አይበተኑ።

ኅዳር 6 ለቁስቋም ወላጆችን ጥሩልኝ። ልጆቹ ያወጣሉ፣ ወላጆች ይቀበላሉ፤ ስፒከሩ በዚያ ቀን እንዳይታይ። ጊዜ አጠረን እንዳትሉኝ፤ ለቀረጻው አላጠራችሁም።