ከአባይ በረሃ በፊት

ልጄ፣ ጤፉን ጎጃም በረንዳ አራግፈህ ሸቀጥ ጭነህ ልትመለስ መሆኑን ሰማሁ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ አባይ በረሃ ይፋጃል። ስለ ፍሬኑ ሁሉም ይመክርሃል፤ እኔ ስለ ራዲያተሩ ልንገርህ።

«አዲስ አበባ ደጋ ነው፣ ሞተር አይፈላም» የሚሉህን አትስማ። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነውና ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ዲግሪ የሚጠብቀው ውሃ መርካቶ ውስጥ 92 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ሞተርህ ደግሞ በደህናው ቀንም የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከመፍላት የሚያድንህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውሃውን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥርበት መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማው የደረቀ፣ ሞላው የላላ ክዳን ከሆነ ግን ራዲያተርህ ክፍት ድስት ነው። ሱማሌ ተራ ስትገዛ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር፣ 0.9 ይሁን 1.1፣ መኪናህ ከሚፈልገው ጋር አስተያይ። ረከሰልኝ፣ አፉም ገጠመ ብለህ እንዳትወስድ፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይሆንብሃል።

ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን ነቅለው የሚጥሉ አሉ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» ማለት ይህ ነው። በብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ ከተነቀለ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ናፍጣ ይበላል። ከተበላሸ በአዲስ ተካው። አዲሱንም ሳትገጥመው ውሃ ውስጥ ከተህ አፍላው፤ ሲከፈት በዓይንህ ታየዋለህ።

የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላህ አትኑር። ኖራው በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል፣ ብረቱም ይዝጋል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርግ፤ ተበጥብጦ ለሚሸጠው ግን ውሃ አትጨምርበት።

ከድልድዩ ተነሥተህ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ጭነቱ ከባድ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ትንሽ ነው። ማርሹን በጊዜ ቀንስ፣ ዓይንህን ከሙቀት መለኪያው አትንቀል። መርፌው ከወጣ ጥግ ያዝ። ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩን ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ አሠራው፤ እንፋሎት ካየህ ወይም ውሃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን በትኩሱ እንዳትነካው! «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ይህ ግን አይለቀምም፣ ዓይን ያጠፋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክ ደግሞ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ሸቀጡ እስኪጫን ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ያኔ ክዳኑን ክፈትና የውሃውን ልክ እይ፣ ቺንጋው እንዳልተሰነጠቀ ፈትሽ፣ ቱቦዎቹን በእጅህ ጨብጣቸው። የለሰለሰ ወይም ያበጠ ቱቦ ካገኘህ እዚሁ መርካቶ ሳለህ ቀይረው፤ በረሃው ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥልህ የለም።