እንጀራና ሕሊና

የመንግሥት ደመወዝ የሚቀበል ጸሓፊ ያየውን እውነት ቢጽፍ፥ ያጎረሰውን እጅ ነከሰ ይባላልን?

ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰ ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ነው። በኢሉባቦር ተወልዶ፥ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ተምሮ፥ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ከፍ ያለ ሹመት ተሰጠው። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየውን፥ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በተባለ ልብ ወለድ ገለጠው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ደመወዝ የድካም ዋጋ ነው እንጂ የሕሊና ዋጋ አይደለም። የመንግሥት እንጀራም ከገበሬው ግብር የመጣ ነውና፥ ያጎረሰው እጅ የሹሙ ሳይሆን የሕዝቡ ነው፤ ለሕዝብ እውነትን መንገር ውለታን መመለስ ነው።

«እርሱስ ያንኑ መንግሥት ስንት ዓመት በብዕሩ አላገለገለምን?» የሚል ቢኖር፥ አገልግሏል። ጴጥሮስም አስቀድሞ ክዶ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የሚመዘነው በፍጻሜው ነው። ሆኖም ዋጋውን ሚስቱና ልጆቹም ከፍለዋልና፥ በሰው ቤት ላይ ሆኖ «እውነትን ጻፍ» ብሎ መፍረድ ለማንም አይገባም፤ እያንዳንዱ በራሱ ይፍረድ።

የዱራሜ ሰው እንደሚያውቀው፥ ተፍቆ በጉድጓድ የተቀበረ እንሰት ይብላላል እንጂ አይጠፋም። የተቀበረው መጽሐፍም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ ይነበባል። የደራሲው መቃብር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።